ይሞቃል እንጂ ይሠራል

የኛን ሰው ብልሃት አድንቅ ብባል ከሶኬት እጀምራለሁ። ሌላው ሰው ሶኬት ጋለብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ይነቅላል፤ ባለሙያ ይጠራል። ፈሪ! እኛ በጣታችን ነካ እናደርገውና «ይሞቃል እንጂ ይሠራል» ብለን ወደ ጉዳያችን።

የአከራዬን ቤት ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ይጋግራሉ። ምጣዳቸው 3,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተሰካው ግን ማከፋፈያ ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ «10 አምፔር» የሚል ጽሑፍ አለው። ማከፋፈያ ገልብጦ የሚያነብ ያው ሥራ ፈት ነው። (አንብቤዋለሁ።) ፍሪጁም እዚያው ተሰክቷል፤ ምጣዱ ብቻውን እንዳይከፋው ይመስለኛል።

የሶኬቱ አንድ እግር ጠቁሯል። የማከፋፈያው ቀዳዳ ቀልጦ አፉ ተጣሟል። ስለላላም አከራዬ የክብሪት ቀፎ አጥፈው ሸጉጠውበታል። በሚግል ሶኬት ውስጥ፣ የክብሪት ቀፎ! ይሄ ቅኔ ነው። ሰሙ ቀልጧል፤ ወርቁን እየጠበቅን ነው።

አንድ ጊዜ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ነበር። «እማማ፣ የሚያግለው መላላቱ ነው» አላቸው። «ሲግል ውስጡ ያለው መያዣ ይለሰልሳል፤ የባሰ ይላላል፤ የባሰ ይግላል። ለምጣዱ ወፈር ባለ ሽቦ የራሱን መስመር እንሳብለት።» ዋጋውን ሲሰሙ ሳቁበት። «ስንት ዓመት ጋግሬበት! ደግሞስ ብሬከሩ መቼ ጣለ?»

እውነታቸውን ነው፤ አልጣለም። ብሬከር የሚያልፍበት ኃይል ሲበዛ እንጂ አንድ የላላ ሶኬት ስለጋለ አይጥልም። ድሮማ ይጥል ነበር አሉ፤ እንጀራው ምጣድ ላይ ሳለ፣ አጉል ጠባይ ነበረበት። መድኃኒቱ ተገኘለት፤ በትልቅ ተተካ። ሽቦው ግን ያው የጥንቱ ነው። ብሬከሩ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። ጨዋ ሆኗል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ግቢው ዓሣ ዓሣ ሸተተ። የሶኬት ፕላስቲክ ሲያርር አንዳንዴ እንዲያ ይሸታል። ተከራዩ ሁሉ በረንዳ ወጥቶ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም ብሎ እስኪመሽ ተሟገተ። አባቶች ተጠቀሱ፣ መጻሕፍት ተጠቀሱ። ሶኬቱ ጋ የሄደ የለም።

ዛሬ ግን ጥበቃው ተጠናክሯል። የአከራዬ የልጅ ልጅ ማከፋፈያው አጠገብ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀምጧል። ሥራው በየደቂቃው ሶኬቱን እየነካ ማሳወቅ ነው።

«አያቴ፣ አቃጠለኝ!»

አከራዬ ሊጡን አይተው፣ ቀና ብለው ሰዓቱን አይተው፣

«ሰባት እንጀራ ናት የቀረችኝ» አሉት። «በጨርቅ ንካው።»