እርማት፦ የኮምፒውተር «ዲ» ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም

«ፋይሎችህን ከ‹ሲ› ወደ ‹ዲ› ውሰዳቸው፣ ከዚያ አትስጋ» ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት የሚደረገው (ሙሉ በሙሉ የሚጠረገው) «ሲ» ብቻ ስለሆነ «ዲ» ይተርፋል። ወሬውም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ግን ዲስክ ማኔጅመንትን (ዲስኮችህን የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፍተህ እይ፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሁለቱም «ዲስክ 0» በሚለው መስመር ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንድ ዕቃ ናቸው። ዲስኩ ከተቃጠለ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ አብረው ይሄዳሉ። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም «ዲ»ን አይምርም።

ፊልሙን ተወው፣ ድጋሚ ይገኛል። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና ስካን የተደረገ ዲግሪ ግን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርግ። ኮፒ እንጂ ከት አይደለም! ሲያልቅ ንቀለው፤ እንደተሰካ ከቆየ ቫይረሱ እሱንም ያገኘዋል። ዋና ዋና ሰነዶችህን ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫን፤ ነፃው 15 ጊጋባይት ለእነሱ ይበቃል።