እጅ አይነኬው ተግባር ተኮር ስልጠና

ስልጠና የማይወድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? እኔም ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ቃለ ጉባዔ ልይዝ ተጠርቼ ነበር። ባነሩ «ለአጸደ ሕፃናት መምህራን የተዘጋጀ ተግባር ተኮር የተፈጥሮ ሳይንስ ስልጠና» ይላል። ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል። ሳይንስ እንዲህ ተዘርግቶ አይቼ አላውቅም።

አስተባባሪዎቹን ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። ሌላ ቦታ የኬጂ መምህር አፈር ይዝቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ትል ያገላብጣል አሉ። የእኛዎቹ ልብሳቸው ሳይቆሽሽ ሰለጠኑ። ሁለት ቀን ሙሉ በእጅ የተነካ ነገር ቢኖር እስክሪብቶ ነው። እሱም ለአቴንዳንስ። ጠዋት ፊርማ፣ ከምሳ በፊት ፊርማ፣ ከምሳ በኋላ ፊርማ፣ አበል ሲታደል ደግሞ ደመቅ ያለ ፊርማ። ኬጂ ውስጥ «ጥቃቅን ጡንቻን ማዳበር» የሚሉት ይሄንን መሆን አለበት።

የባቄላው ግን ይለያል። ባቄላ ማታ ዘፍዝፎ፣ በእርጥብ ጥጥ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ መጠበቅ ድሮ ቀረ። ስሩ ብቅ እስኪል ቀናት ይፈጃል። ልጆቹ በየጠዋቱ እየሮጡ መጥተው ይጨቃጨቁበታል፤ አንዱ አላስችል ብሎት ነቅሎ ያየዋል። ጣጣ ነው። አሰልጣኙ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ባቄላው በሦስት ሴኮንድ ስር ሰደደ፣ ቅጠል አወጣ፣ አበበ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት መምህርት «ተገልብጦ ቢተከልስ ስሩ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ልጆች አፋጠዋቸው ነው መሰለኝ። ስሩ ዞሮ ወደ ታች እንደሚወርድ ጥጥና ብርጭቆ ያለው ሰው በሳምንት ውስጥ ያየዋል። አሰልጣኙ ስላይዱን ወደፊትም ወደኋላም ቢያመላልሱት የተገለበጠ ባቄላ የለም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቀጣዩ ዙር እናየዋለን» አሉ። አንድ ባቄላ ሌላ ስልጠና ወለደች። ምርታማነት ይሏል እንዲህ ነው።

ቀጥሎ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚል ስላይድ መጣ። ሁላችንም ጻፍን። ይሄኔ አዳራሹ ጥግ ጀበናው ይንተከተካል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላችን ድስት ውስጥ የሚያንገላታንም ለዚሁ ነው። ጀበናው ግን ስልጠና አልወሰደም፣ ስላይዱንም አላየም፤ ዝም ብሎ ፈላ። አጠገቡ ፈንድሻው፣ ውስጡ ያለችው እርጥበት እንፋሎት ሆና ቆዳውን እየበጠሰችው፣ ይንጣጣል። የዕጣኑ ሽታ ደግሞ ማንም ሳይሸከመው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ደርሷል። ቡና የምታፈላው ልጅ አንድ ጥግ ላይ ይሄን ሁሉ ሳይንስ ስትሠራ አሰልጣኙ ዞር ብለው «እባክሽ ድምፅ ቀንሺልን፣ ተግባራዊው ክፍል ላይ ነን» አሏት።

እግረ መንገዴን፣ የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እዚያው አራት ኪሎ ነው። መሄድ ይቻል ነበር። ፕሮግራሙ ላይ የለም እንጂ። ደግሞ ቡፌው ያልፋል።

ማሳረጊያው የቡድን ፎቶ ነበር። ሰርተፍኬታችንን ደረታችን ላይ ይዘን ሆቴሉ ግቢ ሣር ላይ ተደረደርን። የባቄላዋ መምህርት ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ ገለበጡ። ከሥሩ ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ይተራመሳሉ። «አያችሁ? እንቁላላቸውን ሊያሸሹ ነው!» አሉ። ሁለት ሦስት መምህራን ሰልፉን ትተው ሊያዩ መጡ።

«እትዬ፣ ቀና ይበሉ እንጂ፣ ፎቶው ይበላሻል!» አለ ፎቶ አንሺው።

ቀና አሉ። እኔም ሰርተፍኬቱን በአፈር እንዳያቆሽሹት ብዬ ሶፍት አቀበልኳቸው።