እርማት፦ ፐዝል የመርሳት በሽታን ይከላከላል?

«በየቀኑ ፐዝል (ቁርጥራጮችን ገጣጥሞ አንድ ሥዕል የሚሠራበትን ጨዋታ) የሚገጣጥም ሰው የመርሳት በሽታ አይዘውም» መባሉ የተለመደ ቢሆንም ልክ አይደለም። በጀርመን የኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለ30 ቀናት ፐዝል አስገጣጥመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ውጤት በአእምሮ ችሎታቸው ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። ለዓመታት የገጣጠሙት በአእምሮ ችሎታ ፈተናው የተሻሉ ነበሩ፤ ግን ፐዝሉ አእምሯቸውን ስል አደረገው ወይስ ቀድሞውኑ አእምሯቸው ስል የሆነ ሰዎች ፐዝል ይወዳሉ? ይህ አልተለየም።

እንዲህ ስል ጨዋታውን ማጣጣሌ አይደለም። ዳር ዳሩ ተገጥሞ የሥዕሉ ሰማይ ሲቀር፣ ሁሉም ቁርጥራጭ ሰማያዊ ስለሆነ ቀለም አይረዳም፤ የጥርሱን ቅርጽ በዓይን መለካት፣ ማዞር፣ የተሞከረውን ማስታወስ ግድ ይላል። ያ ትኩረት ሐሳብን ያሳርፋል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ነው። መርሳት የጀመረን ሰው ግን ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ ትልቅ ፐዝል አትግዙለት።