«ይበላቸው!» ከማለታችን በፊት

ወገኖቼ፣ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ቡና ይዤ በተቀመጥኩበት ሁሉ ወሬው የአሜሪካና የአውሮፓ ጠብ ሆኗል። ግማሻችን «ይበላቸው!» እንላለን። ግማሻችን የኔቶ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ አገሮች የጦር ቃል ኪዳን፣ ጠበቃ ሆነናል። የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ እንኳ እንዲህ አይበሻሸቅም። ኧረ ቀስ በሉ!

እስቲ ነገሩን እንየው። ኔቶ በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በ12 አገሮች ተመሠረተ፤ ዛሬ 32 ናቸው። «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል» የሚለው አምስተኛው አንቀጽ ሥራ ላይ የዋለው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለአሜሪካ፣ በ2001 ስትመታ። ትንሿ ዴንማርክ ልጆቿን አፍጋኒስታን ልካ ከ40 በላይ ሞቱባት። በ2025 መጀመሪያ ትራምፕ «ግሪንላንድን በጦር ኃይል አልወስድም ይበሉን» ሲባሉ እምቢ አሉ። ግሪንላንድ የማን ናት? የዚችው የዴንማርክ። አውሮፓውያኑም ቢሆኑ በ2014 ከአገራችን ጠቅላላ ምርት 2 በመቶውን ለመከላከያ እናወጣለን ብለው ብዙዎቹ ለዓመታት ተኝተዋል። የአሜሪካ ቅሬታ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

እኛን ግን ምን አስጨበጨበን? በእኛም እኮ ደርሷል። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ዘምቶ ከአሜሪካኖች ጎን ተዋጋ። 121 ልጆቻችን ወደቁ። በ1953 የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ አሥመራ ላይም ቃኘው የሚባል የሬዲዮ መገናኛና የስለላ ጣቢያ ነበራቸው። ሳተላይት መጥቶ ጣቢያው ዋጋ ሲያጣ፣ ወዳጅነቱም ቀዘቀዘ። በ1977 የካርተር መንግሥት የደርግን ግፍ ጠቅሶ ወታደራዊ እርዳታውን ቆረጠ። ግፉስ እውነት ነበር። ደርግም አሜሪካኖቹን አባረረ። በዚያው ዓመት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ የታጠቀው የሶቪየት መሣሪያ ነው! ከዚያ ሶቪየት ሶማሊያን ጥላ ወደ እኛ ዞረች።

ቸርችል ጎዳና፣ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት ጋ ጎራ በሉ። ከእኛ ጎን ተሰልፈው ኦጋዴን ላይ የሞቱ የኩባ ወታደሮች ፎቶ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ልጆች ናቸው፣ ወጣቶች። እዚያ ሰልፊ የምትነሱ፣ ስንቶቻችሁ ፊታቸውን አይታችኋል? ሐውልቱ በ1984 ተመረቀ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ከሞስኮ የደረሰለት አልነበረም።

እና እናንተ መስቀል አደባባይ የሌላ አገር ባንዲራ ይዛችሁ የምትወጡ፣ ስለ ትራምፕና ስለ ብራስልስ እየተጣላችሁ ማኪያቷችሁን የምታቀዘቅዙ፦ የእኛ መንግሥት ከማን ጋር ምን እንደተፈራረመ፣ ጦራችን መለዋወጫ ከማን እንደሚገዛ፣ ሻጩ አንድ ቀን «አልሸጥም» ቢል ምን እንደምንሆን ጠይቁ። እስካሁን ቡና ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።