ገና አልሞተችም እኮ!

ወገኖቼ፣ ዛሬ መቆጣት አምሮኛል። የሚከፋው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሰው ሲሞትብን የሚስተካከለን የለም። ሬሳው ሳይወጣ ድንኳኑ ይተከላል። የእድሩ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ይመጣል። አንዱ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሌላው እንጀራ ያስጋግራል። ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አያጣም። ይህን አላጣጥልም፤ ኩራታችን ነው። ግን እዚያው ሰፈር፣ ድንኳኑ ከተተከለበት ግቢ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ፣ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት በጠዋት ብቻዋን ታክሲ ተሰልፋ ካንሰሩን ወደሚዋጋው መድኃኒቷ፣ ወደ ኬሞዋ ትሄዳለች። ብቻዋን ትመለሳለች። እያቅለሸለሻት ለልጆቿ ሽሮ ትሠራለች። የዚያው እድር አባል ናት፤ መዋጮዋንም በየወሩ ትከፍላለች።

ስትሞት ደግሞ ቀብሯ ላይ መቆሚያ ይጠፋል። እንዴት ነው ነገሩ?

ከቤት እንጀምር። ሐኪሙ ውጤቱን ሊናገር ሲል ወንድም ወይም የበኩር ልጅ ወደ ጥግ ይወስደዋል። «ዶክተር፣ እባክህ ለእሷ እንዳይነገራት፤ ትደነግጥብናለች።» ከዚያ ቤተሰቡ ተማምሎ አፉን ይዘጋል። ለእሷ «ትንሽ እጢ ነው» ይባላል። ለጎረቤት «ጨጓራዋን ነው» ይባላል። እሷ አታውቅም መሰላችሁ? ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ሻሿን ገለጥ አድርጋ «እኔ ይሄ አራተኛ ዙሬ ነው፤ የጡት ነው። አንቺስ ስንተኛሽ ነው?» ትላታለች። አለቀ። ማታ ቤቷ ስትገባ እሷም እንዳላወቀ ሰው ትሆናለች። እናንተ ለእሷ ብላችሁ ትደብቃላችሁ፣ እሷ ለእናንተ ብላ ትደብቃለች። የልቧን የምታወራው አጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናንተ ደግሞ የደበቃችሁት የሰው በሽታ ነው፤ ያውም ከባለቤቱ! ሁሉንም በአንዴ ዘርግፉባት አላልኩም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ግን እሷኑ ጠይቋት። አንዳንዷ ሁሉንም ትፈልጋለች፣ አንዳንዷ «ይበቃኛል» ትላለች። ምርጫው የእሷ ይሁን።

የሚገርመኝ ያ አግዳሚ ወንበር ነው። ዘመድ የነፈጋትን እዚያ ታገኛለች። «ፀጉርሽ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መርገፍ ይጀምራል፤ ቀድመሽ አሳጥሪው።» «ቀዩን መድኃኒት ከሰጡሽ ሽንትሽ ይቀላል፣ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ።» «አፍሽ ከቆሰለ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ።» «ትኩሳት ከመጣብሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።» ስልክ ይለዋወጣሉ። አንዷ የቀረች ቀን ሌሎቹ ይደውላሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጠዋት እንዲህ ከተዛመዱ፣ ሃያ ዓመት ቡና የተጠራራን ጎረቤቶች ምን ነካን?

ጥየቃችንስ ብትሉ! ካንሰር በኩባያም በመሳምም አይተላለፍም። እኛ ግን ኩባያዋን ለይተን እናስቀምጣለን። ጉንፋን ይዞን ስንሄድ ደግሞ አገላብጠን እንስማታለን። መፍራት ያለባት እኮ እሷ ናት! ከኬሞው በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን መካከል፣ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሏ በጣም ይወርዳል። ለእኛ ሳል የሆነው እሷን አልጋ ላይ ሊጥላት ይችላል። ያመመው ሰው በስልክ ይጠይቃት።

ስንቀመጥ የምናወራውም አለ። «የአክስቴ ልጅም እንዲሁ ጀምሯት ነበር፣ ነፍሷን ይማርና...» ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው? ሌላው «ኬሞው ነው የሚገድለው፣ ተዪው፤ ቅጠል የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል። ጸበሏንም ዱዓዋንም ማንም አይከለክላትም። ብዙ አባቶችም «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ተጠመቂ» ነው የሚሉት። መድኃኒቷን የሚያስጥላት እንግዳ ግን በሩን ቢያየው ይሻላል።

ከክፍለ ሀገር የሚመጡትን አስቡልኝ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬም ያለው በጥቂት ከተሞች ነው። ጨረር ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ይሰጣል። እያንዳንዱ ጊዜ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከወለጋ የመጣ ገበሬ ለዚያች ደቂቃ ብሎ ከአንድ ወር በላይ አዲስ አበባ የት ይደር? ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ትንሹን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በልጃቸው ስም አቋቋሙ። ድርጅቱ ከሩቅ ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን ማረፊያና ምግብ ይሰጣል። ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስም ሕፃናቱን ከነወላጆቻቸው ያስጠጋል። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ሕክምናው ሁለትና ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሐዘን የነካቸው ቤተሰቦች ይህን ከሠሩ፣ ትርፍ ክፍል ያለው ዘመድ ከገጠር የመጣውን አጎቱን በሁለተኛው ሳምንት «መቼ ነው የምትመለሰው?» ማለቱ አያሳፍርም?

«እድር ለቀብር ነው፣ ምን እናድርግ» የሚል አለ። ተዉ እንጂ! ይቺን መንገድ ከዚህ በፊት ሄደንባታል። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችም መቅድምና ተስፋ ጎህ የሚባሉ ማኅበራትን መሥርተው «አለን» ብለው አደባባይ ወጡ። ፍርሃቱ የተሰበረው ሰው ለሰው ሲታይ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ግን ዛሬም ከሻሹና ከኮፍያው ሥር ተደብቋል።

ዲሲም ፍራንክፈርትም ያላችሁ እንዳታመልጡ። እናንተም ጋ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል። በሕይወት እያለ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ ቋንቋ የሚያስተረጉምለት ግን ይጠፋል።

ደግሞም ሞት ቀኑን አይነግረንም፤ ለእሱ ድንኳን ገዝተን ተዘጋጅተናል። ኬሞ ግን ቀኑን ይናገራል። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው፤ ካርዷ ላይ ተጽፏል። በዚያ ቀን አንድ ሰው አብሯት ይሂድ። አንዷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ትቀበል። አንዷ ወጥ ሠርታ ታምጣ፤ ሽታው እንዳያስመልሳት ቁሌቱን በራሷ ቤት ጨርሳ። ጎረምሶች ደም ስጡ። ደም እንዳይፈስ የሚያደርገው ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከተሰበሰበ በኋላ የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ የዛሬ ወር የሰጣችሁት ለዛሬ አይሆናትም። ባሎች ደግሞ፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ «እናቴ ጋ ልሰንብት» ብላችሁ የጠፋችሁ፣ እናንተን እዚህ አልዘረዝርም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ የመዋጮው ሂሳብ ተነቦ ሲያልቅ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ይባላል። ያኔ እጃችሁን አውጡ። አባል ሲታመም በየተራ የሚሄድ ሰው ይመደብ፣ ለታክሲ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከካዝናው ይውጣ በሉ። ሰብሳቢው «ደንቡ አይፈቅድም» ማለቱ አይቀርም። ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል፤ ያን ቀን ጉባኤው እናንተ ናችሁ።