ማንም ላላየው ፊልም ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠን ነበር? እኛ ተራ ተመልካቾች የሚገባንን ፊልም እናያለን። አንዳንዴም ደስ ይለናል። ነውራችን ብዙ ነው።

አንድ የዋህ "እስቲ ጥሩ ትሪለር ጠቁሙኝ" ካለ ሊቃችን ከተፍ ይላሉ። ሰው ሁሉ ያየውንማ አይጠቁሙም። "እ.ኤ.አ. በ1952 የተሠራውን 'ዘ ቲፍ' አይተኸዋል?" ይሉታል። አላየውም። ቢያየውማ ኖሮ መቼ ይጠይቁት ነበር!

ፊልሙ አለ፤ የፈጠራ ወሬ አይደለም። የኑክሌር ምስጢር አሳልፎ ስለሚሰጥ ሳይንቲስት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስልክ ይጮኻል፣ ኮቴ ይሰማል፣ በቃ። ደፋር ሙከራ ነው፣ አልክድም። ለሊቃችን ግን ውበቱ ሌላ ጋ ነው። ተዋናዮቹ ዝም ካሉ ማብራሪያው ሁሉ የእሳቸው ድርሻ ይሆናል። ማብራሪያው ደግሞ ከፊልሙ ይረዝማል።

ቀጥለው የ1947ቱን "ሌዲ ኢን ዘ ሌክ" ያነሳሉ። እዚያ ካሜራው የመርማሪው ዓይን ነው። ሰው የሚያወራው ለካሜራው፣ ቡጢ የሚሰነዝረው በካሜራው ላይ ነው። የመርማሪውን ፊት በአብዛኛው የምናየው መስታወት ፊት ሲቆም ብቻ ነው። "ትንሽ ያደክማል" ካልክ አልገባህም። "ወደድኩት" ካልክም የወደድከው በተሳሳተ ምክንያት ነው። ስክሪኑን ለአራት ከፍሎ አራት ታሪክ ባንዴ የሚያሳየው "ታይምኮድ" ላይ ከደረሳችሁማ አለቀልህ። የትኛውንም ጥግ ብታይ፣ ቁም ነገሩ የነበረው በሌላኛው በኩል ነው።

ሊቃችንን የሚያሳዝናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊልሙ ታድሶ፣ ጥርት ብሎ፣ ሰው ሁሉ እጅ ሲገባ። ያኔ "የድሮው ደብዛዛ ኮፒ ነፍስ ነበረው" ብለው ይተክዛሉ።

ለዚህ ነው ሰሞኑን ልባቸው ወደ "ዘ ማውንቴን ኢግል" ያደላው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1920ዎቹ የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ዛሬ አንድም ኮፒ የለውም፤ ጠፍቷል። ሂችኮክ ራሱ መጥፎ ፊልም እንደነበር ተናግሯል። ሊቃችን ግን "ትሕትናው ነው" ይላሉ። በተለይ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ያለው የካሜራ አያያዝ ወደር የለውም አሉ።