ሲጋራና ቬፕ በአንድ ኪስ

የጅማ ወገኖቼ ሆይ፣ በተለይም ሲጋራና ቬፕ (ሱስ የሚያስይዘውን ኒኮቲን ከፈሳሽ በእንፋሎት የሚያስብ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) በአንድ ኪስ ይዛችሁ «ቀስ በቀስ እየተውኩ ነው» የምትሉ፣ ቃሌ ለእናንተ ነው። እኔም ለዓመታት ያጨስኩ፣ «ከነገ ጀምሮ» እያልኩ ለባለቤቴ ደጋግሜ የማልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ንጹሕ ነኝ ብዬ አልገሥጻችሁም።

ቬፕ ሲጋራ ለማቆም ከቶ አይረዳም ብል እዋሻለሁ። በእንግሊዝ አገር በ886 አጫሾች ላይ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው ከዓመት በኋላ ሲጋራ አቁመው ሲገኙ፣ በኒኮቲን ማስቲካ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተርና በመሳሰሉት ከሞከሩት ግን የተሳካላቸው 9.9 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር እየጠቀሳችሁ የምትሟገቱኝ ግን፣ እነዚያ ሰዎች የሚያቆሙበትን ቀን ቆርጠው፣ ለሳምንታት በባለሙያ እየታገዙ እንደሞከሩት ትዘነጋላችሁ። በዚያ ላይ በቬፕ ካቆሙት መካከል 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ቬፑን አልጣሉትም፤ ከጭሱ ተላቀቁ እንጂ ከኒኮቲኑ አልተላቀቁም።

እኛ ዘንድ የማየው ግን ከዚህም የባሰ ነው። ከሄርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ስንቱ ሰው ቤቱ ሲገባ ልጆቹ እንዳይሸታቸው ቬፑን ይስባል፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሲቀመጥና ምርቃናው ሲመጣ ግን ፓኮውን ያወጣል! ይህ መተው አይደለም፤ ሲጋራ በማይቻልበት ሰዓት ሱሱን በሌላ መንገድ መቀለብ ነው። «ከሃያ ወደ ሦስት ወርጃለሁ» የሚለኝ ወዳጄም ልቡን እያታለለ ነው፤ ምክንያቱም በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ ሃያ የሚያጨሰው በልብ ሕመም ረገድ ከሚሸከመው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ የሚጠጋውን ይሸከማል። ለሳንባ ካንሰር መቀነሱ ጥቂት ይጠቅም ይሆናል፤ ደምን ለማርጋትና የደም ሥርን ለመጉዳት ግን ጥቂት ጭስ ይበቃል።

ቬፑን የምትገዙትስ ከማን ነው? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ስለከለከለ፣ እጃችሁ የገባው ዕቃ ተደብቆ የመጣ፣ ፈሳሹን ማንም ያልመረመረው ነው። በአሜሪካ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. 68 ሰዎች በቬፕ ሳቢያ ሳንባቸው ተጎድቶ ሞተዋል፤ ለአብዛኛው ጉዳት ተጠያቂ የሆነውም ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባታማ ኬሚካል የተቀላቀለበት፣ በሕገወጥ መንገድ የተሸጠ የካናቢስ (የሐሺሽ) ፈሳሽ ነበር። የእናንተ ፈሳሽ እንዲያ ነው አላልኩም፤ አለመሆኑን ግን በምን ታውቃላችሁ? የማንጎ ሽታ ያለውን ያን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ስትወጡ፣ ሲጋራ ቀምሶ የማያውቀው ልጃችሁ እንደሚያነሣው ግን ታውቃላችሁ።

መተው የምትሹ ከሆነ ቀኑን ቁረጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አንዲት ፍሬ አትቅር። የጤና ባለሙያም አማክሩ። ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለእኛ የሚከብደው በርጫው ነው፤ እኔ ስተው አንድ ወር ሙሉ ወዳጆቼ ወደሚቅሙበት ቤት እግሬን አላነሣሁም፣ ኮራብን ብለውም አኮረፉኝ። እናንተ በርጫ አዘጋጆች ሆይ፣ ትቶ የመጣውን ሰው «አንዷ ምን ታደርግሃለች?» እያላችሁ ፓኮውን አትዘርጉለት፤ በሁለተኛው ወር ስመለስ ለእኔ የተዘረጋልኝ እንዲያው ነበር፣ ተቀብዬም ሌላ አራት ወር አጨስኩ።